ከባንኮኒ ሥር የምትወጣው ክሬም

ዛሬም እንደተለመደው ከኤርፖርቱ የታክሲ ተራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከፊቴ አርባ ምናምን መኪና ተሰልፏል፣ ጊዜ አለኝ፣ ስለዚህ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ዓይን ቆብ ነው። መሳቅ ይቻላል፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ በሹፌሮች ግሩፓችን ላይ አንድ ወንድማችን የድምፅ መልእክት ላከ። ዓይኔን ዙሪያውን ያሳክከኛል፣ ጠዋት ስነሳ ቆቡ አብጦ ይጠብቀኛል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ ሳሙና ሲነካው እንደ በርበሬ ያቃጥለኛል፣ ምን ላድርግ? አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት መልስ መጣለት። ቆጠርኩት፤ መቁጠር ከድሮ ሥራዬ የተረፈኝ አመል ነው። ሁለቱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሽበት» አሉ። አንዱ «የሰው ዓይን ነው» አለ። አንዱ «ኩላሊትህን ታይ» አለ። አንድ ሰው ብቻ «ሐኪም ጋ ሂድ» አለ፤ እሱን ደግሞ ማንም ላይክ አላደረገውም። የቀሩት ዘጠኙ አንድ ነገር ነው የመከሩት፤ «የሐበሻ ሱቅ ሂድና ያቺን ክሬም በላቸው፣ ያውቋታል፣ በሦስት ቀን ድራሹን ታጠፋልሃለች»።

ያቺን ክሬም።

እስቲ ይህቺን ቃል ልብ በሏት። ዘጠኝ ሰው መከረ፣ አንዱም ስሟን አልጠራም። በውስጧ ምን እንዳለ ማንም አልተናገረም። ማን ይቀባት፣ የት ይቀባት፣ ስንት ቀን ይቀባት የሚል የለም። ከባንኮኒ ሥር ትወጣለች፣ በጥቁር ፌስታል ትጠቀለላለች፣ በካሽ ትከፈላለች፣ ዓይን ላይ ትቀባለች። የመኪና ዘይት ስትገዙ እንኳ ቁጥሩን አይታችሁ አይደል የምትገዙት? ለሞተር የምናደርገውን ጥንቃቄ ለዓይናችን ነፈግነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምናገረው። ያቺን ክሬም ሰባት ወር ተቀብቻታለሁ።

የኔ ችፌ በአንድ ክረምት ነው የጀመረው። መጀመሪያ የመኪናው ማሞቂያ አየር ያደረቀኝ መሰለኝ። ከዚያ ቆቡ ወፈረ፣ ተሸበሸበ፣ ዙሪያው ጠቆረ። ማታ ስተኛ እከካለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ መስተዋት ሳይ የስድሳ ዓመት ሰው ይመለከተኛል። ጓደኞቼ «ጠጣህ እንዴ?» ይሉኛል። ይህ ቀልድ ነው፣ ይታለፋል። የማይታለፈው ተሳፋሪ ነው። አንዲት ሴትዮ ከኋላ ተቀምጣ በመስተዋቱ አየችኝ፣ ዓይኔን በእጄ ጀርባ ደጋግሜ ስፈትግ አየች፣ ስትወርድ «ሹፌሩ እንቅልፍ ላይ ነው ወይም ሰክሯል» ብላ ሪፖርት አደረገችኝ። አካውንቴ ሦስት ቀን ታገደ። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፤ እኔም ብሆን ልጄን እንዲያ ዓይኑ ካበጠ ሰው ጋር አላሳፍርም ነበር። ግን ቤት ኪራይ ይህን አይሰማም።

በእግዱ በሁለተኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ሰባት ደቂቃ አየኝ። «ቅላት አይታየኝም፣ ድካም ይሆናል፣ በደንብ ተኛ» አለኝ። ቅላት! እኔ ከየት አምጥቼ ነው የምቀላው? ይህን በኋላ ነው የተረዳሁት፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ነጭ ሰው ቲማቲም መስሎ አይቀላም። ግራጫ ይሆናል፣ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ወይም ዝም ብሎ ይጠቁራል፣ ይሻክራል። የሕክምና መጻሕፍቱ ሥዕሎች ግን ለብዙ ዘመን አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። ለንደን ውስጥ ማሎን ሙክዌንዴ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ይሄ ነገር አንገብግቦት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከመምህራኑ ጋር ሆኖ የበሽታ ምልክቶችን በጥቁርና በቡናማ ቆዳ ላይ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። በ2020! ስለዚህ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ «ምንም የለብህም» ከተባላችሁ፣ በትሕትና «የኔ ቆዳ ላይ እንዲህ ነው የሚታየው፣ ሲነኩትም ይሻክራል፣ ይዳስሱት» በሉ። እኔ ያኔ ይህን አላወቅሁም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፣ ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ክሬሟን ገዛሁ። አሥራ ሁለት ዶላር። በሦስተኛው ቀን ቆዳዬ የሕፃን ቆዳ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ ባለሱቁን መርቄዋለሁ። ለአራት ሰው መክሬያታለሁ፤ ከአራቱ አንዱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ከዚያ ስተዋት በሳምንቱ ተመለሰ። ቀባሁ፣ ጠፋ። ተውኩ፣ ብሶበት መጣ። በስድስተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠ፤ አንድ ቀን ካልቀባሁ ቆቤ እንደ እሳት ይነዳል፣ ቆዳው ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል። ያኔ ነው ከስንት ጊዜ በኋላ መሐንዲስነቴ ትዝ ያለኝ። አገር ቤት እያለሁ መንገድና ድልድይ ነበር ሥራዬ። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያለውን ግድግዳ ቀለም የሚቀባ ኮንትራክተር ስንት ጊዜ ተቆጥቼ አባርሬያለሁ! እዚህ ራሴ ፊቴ ላይ ያንኑ እሠራለሁ።

መነጽሬን አድርጌ የቲዩቧን ጀርባ አነበብኩ። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 ከመቶ። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? «0.05? እንዲህማ ከሆነች ደካማ ናት፤ ፋርማሲ በግልጽ የሚሸጠው ሃይድሮኮርቲሶን እንኳ 1 ከመቶ ነው» አልኩ። በሒሳብ እንጀራ የበላሁ ሰው! ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመቶኛ አይወዳደሩም። አንድ ማንኪያ ሚጥሚጣና አንድ ማንኪያ ስኳር እኩል ማንኪያ ናቸው፤ ቅመሷቸው። ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ የመጨረሻው ኃይለኛ መደብ ውስጥ ነው፤ ከሃይድሮኮርቲሶን እስከ 600 እጥፍ ይበረታል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሐኪሞች ሲያዙትም ለወፈረ ቆዳ፣ ለእጅ መዳፍና ለእግር ተረከዝ፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚያዙት።

ሁለተኛውን ቁጥር ደግሞ ስሙ። የክንድ ቆዳ ከሚቀባው ስቴሮይድ 1 ከመቶ ያህሉን ይመጣል። ፊት 7 ከመቶ። የዓይን ቆብ 30 ከመቶ! ምክንያቱም ከመላው አካላችን ስስ የሆነው ቆዳ የዓይን ቆብ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ብርቱ የሆነውን መድኃኒት፣ ከሁሉ ስስ በሆነው ቆዳ ላይ፣ ያለ ገደብ። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ዲዛይን ይዞልኝ ቢመጣ ወረቀቱን እቀደው ነበር።

አሁን ወደ ወዳጄ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ክሬሟን ከመከርኳቸው አራቱ አንዱ እሱ ነው። እኔ በሰባት ወሬ ተውኳት፤ ለእሱ ደውዬ «ተዋት» አላልኩም። ረሳሁት ልበል? አፈርኩ ልበል? እሱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀጠለ። ማታ ማታ እንደ ጥርስ ሳሙና ይጠቀምባት ነበር። አንድ ቀን መስመር ሲቀይር በግራው የነበረ መኪና ጨርሶ አልታየውም። እግዚአብሔር ይመስገን የተላጨው ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኑን ተመረመረ። ግላኮማ። የዓይን ውስጥ ግፊት ደንበኛው ከ10 እስከ 21 ነው፤ የእሱ በእጅጉ አልፎት ነበር። የዓይኑን ነርቭ በልቶታል፣ የጎን እይታው ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም። ግላኮማ አያምም፣ አይቆጠቁጥም። ከዳር ነው የሚጀምረው፤ ፊት ለፊት ያለውን ስለምናይ ደህና ነን እንላለን። ሹፌር ደግሞ ከዳሩ ነው የሚኖረው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ሐኪሙ «ክሬሟ ብቻ ናት ያመጣችው» ብሎ አልማለም። ግፊት በዘርም ይመጣል፣ በሌላም ይመጣል። ግን ስቴሮይድ ዓይን አካባቢ ሲሰነብት ግፊት እንደሚጨምር፣ የዓይን ሞራም እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነገር ነው። ወዳጄ ክሬሟን በሚቀባበት ዘመን አንዴ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ጋ ሄዶ ነበር። ነርሷ «የምትወስደው መድኃኒት አለ? ስቴሮይድ ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። «የለም» አለ። አልዋሸም! ስቴሮይድ እንደሆነች አያውቅማ። ለእሱ «ያቺ ክሬም» ናት። ስሟን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ግፊቱን ይለኩት ነበር፤ ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ነው የምጽፈው። ሱቅዎን አልጠራም፤ እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ። ደግሞ አንድ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እዚህ ያነበበኝ ሁሉ በየከተማው፣ በለንደንም በፍራንክፈርትም በሪያድም፣ አንድ አንድ ጋሼ ያውቃል። እርስዎን አከብርዎታለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እንጀራ በዱቤ ሰጥተውኛል፤ አልረሳም። ባለፈው ወር ይህን ሳነሳብዎት የሰጡኝን መልሶች ግን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አገር ቤትና ዱባይ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው» አሉኝ። አዎ፣ ይሸጣል። በሻንጣ የሚመጣልዎትም ከዚያ ነው። በቀላሉ መገኘቱ ደህና ነው ማለት ከሆነ በረኪናም በየሱቁ አለ።

«ማንም ቅሬታ አቅርቦብኝ አያውቅም» አሉኝ። ጋሼ፣ ማን ያቀርባል? ክሬሟ የጎዳችው ሰው ክሬሟ እንደጎዳችው አያውቅም። ቆዳው ሲቃጠል «በሽታዬ ባሰብኝ» ብሎ ሌላ ቲዩብ ሊገዛ ነው እርስዎ ጋ የሚመለሰው። እርስዎ የሚያዩት ደንበኛው በደስታ መመለሱን ነው። ወዳጄ ስንት ቲዩብ ገዝቶዎታል? አንድ ቀን ቅሬታ አቀረበ? አሁንም ሲያገኝዎት ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚልዎት።

«እኔ ካልሸጥኩ ሌላው ይሸጣል» አሉኝ። ይህንን አልመልሰውም፤ እርስዎ ልጆችዎን ሲያሳድጉ ይህን መልስ ከነሱ አልተቀበሉም።

«ሐኪም ውድ ነው፣ ወገኔን እየረዳሁ ነው» ያሉኝ ግን እውነት አለበት፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ሹፌሮች ራሳችንን ቀጣሪ ተብለን ነው የምንቆጠረው። ኢንሹራንስ የሚገዛልን የለም። የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ወራት ይጠብቃል፤ ያን ቀን ደግሞ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ገቢ የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ተነስቶ «ሐኪም ጋ ሂዱ» ሲል እኔም እናደዳለሁ። ግን መፍትሔው ከባንኮኒ ሥር አይደለም ያለው። አሜሪካ ያላችሁ፣ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ኢንሹራንስ ባይኖራችሁም የመክፈል አቅም የለኝም ብላችሁ አትመለሱም፤ ክፍያው በገቢያችሁ ልክ ይቀንሳል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የኢንሹራንስ ገበያው ሲከፈት እንደ እኛ ላለ ገቢ ድጎማ ይገኛል፤ ግማሻችን ፎርሙን ስለፈራን ብቻ አንሞላውም። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው? አውሮፓ ያላችሁት ደግሞ በየወሩ ከደመወዛችሁ ለጤና እየተቆረጠ ሐኪም የማትሄዱ፣ እናንተንስ ምን ልበላችሁ።

ጋሼ፣ ወገንን መርዳት ከፈለጉ ይህንን የሚገልጽ አንድ ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፉ። የእቁብና የለቅሶ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታ ላይ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ። በተለይ ወደ ዘጠኙ መካሪዎች። ሰው ስንወድ መድኃኒት እናካፍላለን፤ ባህላችን ነው፣ ክፉ አልነበረም። እናቴ ሬትና ጤና አዳም ከጓሮ ቆርጣ ለጎረቤት ትሰጥ ነበር። ግን እናቴ የምትሰጠውን ቅጠል በስሙ ታውቀው ነበር! ለማን እንደማይሰጥም ታውቅ ነበር። ዳማከሴውንም ተዉት፤ የተላጠ ቆብ ላይ የቅጠል ጭማቂ ማሸት ቁስል ላይ ሎሚ እንደ መጭመቅ ነው። እንዲሁም ከሌላው ጫፍ የምትመጡት፣ «ስቴሮይድ መርዝ ነው፣ በጭራሽ አትንኩ» የምትሉ፣ እናንተም አረፍ በሉ። ስቴሮይድ መርዝ አይደለም። ደካማው ዓይነት፣ ለጥቂት ቀን፣ ሐኪም አይቶ ሲያዝ ለዓይን ቆብም ይሆናል፤ ስንቱን ሰው አስተኝቶታል። እኔ የተጣላሁት መድኃኒቱን አይደለም፤ ስሙን ነጥቀው ከሚሸጡት ጋር ነው።

የእኔ ነገር በምን አለቀ? አላለቀም፤ ችፌ እንደ አበዳሪ ነው፣ ይመለሳል። ግን ምክንያቱን አገኘሁት። ክሬሟን ተውኩ፤ ያቃጠለኝን ሦስት ሳምንት ለጠላቴም አልመኝም። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ሰዎች እንደኔ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪም እየተከታተላችሁ ቀስ በቀስ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ደብተር ከፈትኩ። በየቀኑ ምን ነካሁ፣ ምን ተቀባሁ፣ ማታ ስንት ጊዜ አከክሁ፣ ጻፍኩ። ሽቶ ጣልኩ፣ ሳሙና ቀየርኩ፣ አንድ በአንድ። ለካ አንድ ነገር ሳስተውል ሥራ ባልገባሁበት ሳምንት ይሻለኛል።

በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ጋ ደረስኩ። ጀርባዬ ላይ በተርታ ትንንሽ ፕላስተሮች ለጠፈችብኝ፤ በእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ነገር አለ። ሁለት ቀን ሳይነሳ ይቆያል፣ ውኃ አይነካውም፣ ላብም አይወድም። ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ፤ ወንበር ላይ ተደግፎ መንዳት አይቻልማ። ተነስቶ ታየ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ታየ። ሁለት ቦታ ላይ ቆዳዬ ተቆጥቶ ነበር። አንዱ ሽቶ ነው። ሁለተኛው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን ይባላል፤ ስሙን ለመልመድ እኔም አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ውኃ ያለበት ነገር እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው። እርጥብ ሶፍት ውስጥ፣ ሻምፑ ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ፣ የቤት ቀለም ውስጥም ይገባል። የአሜሪካ የንክኪ ችፌ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የዓመቱ ዋና አለርጂ ቀስቃሽ ብሎ ሰይሞታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ወዲህ ተቀብተውት ከማይታጠቡት መዋቢያዎች ውስጥ ከልክሎታል።

እኔስ የት አገኘሁት? ከኮሮና ወዲህ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ በኋላ መሪውን፣ የበሩን እጀታ፣ ወንበሩን በእርጥብ ሶፍት እወለውላለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ። በዚያው እጄ ዓይኔን እፈትጋለሁ። የእጅ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ምንም አይሰማውም፤ ስሱ ቆብ ነው ዋጋውን የሚከፍለው። መስተዋቱ ላይ ደግሞ ያቺ መዓዛዋ የሚጣፍጥ የመኪና ሽቶ ተንጠልጥላ ቀኑን ሙሉ ትነፍስብኛለች። ንጹሕ ሹፌር ተብዬ አምስት ኮከብ የማገኝበት ነገር ነው ዓይኔን ያሳበጠው። ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ክሬሟ ይህን ሸፍናልኝ ነበር።

እኅቶች፣ እናንተም እዩት። የጥፍር ቀለምና አርቲፊሻል ጥፍር ጣት ላይ ሆኖ ምንም ሳያደርግ የዓይን ቆብን ሊያሳብጥ ይችላል፤ እጅ ነው የሚያደርሰው። የፀጉር ቀለምም እንዲሁ፤ ጥቁር የሚባለው ሂና ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል ደግሞ የታወቀ ነው። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ በረኪናና ሳሙና ውስጥ ውላችሁ ማታ ለማድያት ብላችሁ ያቺን ክሬም ፊታችሁ ላይ የምትቀቡ፣ እናንተ ናችሁ ከሁሉ የምታሳስቡኝ፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ እንኳ የሌላ ሰው ፈቃድ የምትጠብቁ አላችሁ። ማድያት ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ውስጡ ይኸው ስቴሮይድ፣ ወይም ሃይድሮኪኖን ነው። አሜሪካ ከ2020ው ሕግ ወዲህ ሃይድሮኪኖንን ያለ ማዘዣ መሸጥ አይፈቀድም፤ ሱቆቻችን ውስጥ ግን ከሻይ ቅጠሉ አጠገብ ተደርድሯል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለማንም መድኃኒት አላዝም። ለእኔ ሐኪሟ ያዘዘችልኝ ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት ነው፣ ስቴሮይድ አይደለም፣ ቆዳም አያሳሳም። የመጀመሪያውን ሳምንት ያቃጥላል፤ እኔማ ልጥለው ነበር፣ ባለቤቴ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ መለሰችልኝ። ከዚያ ውጭ ፊቴን በለብ ያለ ውኃ ብቻ እታጠባለሁ፣ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባለሁ። መኪናውን በጓንትና በጨርቅ እወለውላለሁ፣ ሽቶዋን ጥያታለሁ። ኮከቤ አልቀነሰም። ጥፍሬን አሳጥሬ እቆርጣለሁ፤ ተኝቼ ስለማክክ።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ቤታችሁ ውስጥ «ያቺ ክሬም» ካለች ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ጀርባዋን አንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖናይድ፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ስቴሮይድ ናት። ኒኦማይሲን የሚል ከተጨመረበት ደግሞ እሱ ራሱ ብዙ ሰው የሚቆጣበት አንቲባዮቲክ ነው። ማንበብ ካስቸገራችሁ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስሟን አንብቤ እነግራችኋለሁ። ዓይናችሁ ዙሪያ ለወራት ከቀባችሁ የዓይን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ «ስቴሮይድ ዓይኔ አካባቢ ስቀባ ቆይቻለሁ፣ ግፊቴን ለኩልኝ» በሉ። በዚሁ ቃል። ስትሄዱም ቲዩቧን ይዛችሁ ሂዱ።

የእሑዱን ወንድማችንን ደውዬለት ነበር። ገዝቷታል፤ ሁለት ቀን ቀብቷታል፤ «ኧረ ተሻለኝ» አለኝ እየሳቀ። የቲዩቧን ጀርባ በቪዲዮ አሳየኝ፣ አብረን አነበብናት። ቀጠሮ እስኪያገኝ በሚል አስቀምጧታል። ወዳጄን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ዓይን ሐኪሙ የምወስደው እኔ ነኝ፤ ሂሳብ አልቀበለውም፣ እሱም መስጠቱን አልተወም።

ጋሼ፣ ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ ልገዛ እመጣለሁ። ወረቀቱን ጽፌ፣ አትሜ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ እርስዎ ፕላስተሩን ብቻ ያዘጋጁ።